ዓመሏን የረሳች ድመት



«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል የአገራችን ተረት። የተተረተው ለሰው ነው፤ ቆብ ደፍቶ የጎረቤት ድስት ለሚከፍት ሰው። እኔ ግን የእንስሳት ሐኪም ነኝና ዛሬ ተረቱን ለባለቤቷ፣ ለድመቷ ልመልስላት መጥቻለሁ። እውነትም ድመት ዓመለኛ ፍጡር ናት። የምትበላበት ሰዓት፣ የምትተኛበት ጥግ፣ ሽንቷን የምትቀብርበት ቦታ የታወቀ ነው። እንግዲህ ዓመሏን የማትረሳ ከሆነች፣ የረሳች ዕለት አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። ለዓመታት አሸዋዋ ላይ ስትሸና የኖረች ድመት ድንገት አልጋ ላይ ከሸናች፣ ከጭን የማትወርደው ከቁም ሣጥን ሥር አልወጣም ካለች፣ ዝምተኛዋ ሌሊቱን ስትጮህ ካደረች፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብን በሽታን ነው።

በየቤታችን ግን የሚቀድመው ፍርዱ ነው። «ቂም ይዛ ነው»፣ «እንግዳ ሲመጣ ቀንታ ነው»፣ «ጠግባ ነው» እንላለን። ከዚያ መጥረጊያ ይነሳል። አንዳንዱም አንገቷን ይዞ አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ ይደፍቃል። እኔ ይህን ስሰማ ድመቷን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም አዝንለታለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ የሚብሰው ከዚያ በኋላ ነው። ድመት ሽንቷን ለበቀል አትጠቀምበትም። የራሷ ጠረን ለእሷ ነውር ወይም ቆሻሻ አይደለም፤ «እዚህ ብሸና ይናደዳሉ» ብላ የምታሰላበት ምክንያት የላትም። የተመታች ድመት የምትማረው ሰው ባለበት መሽናት አደጋ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ከሶፋው ጀርባ ትሄዳለች፤ እናንተም ሽታውን እንጂ ቦታውን አታገኙትም።

ድመት ሕመሟን የምትደብቀው ከዘር ወርሳ ነው። የቤት ድመት አያት በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር የምትኖረው የዱር ድመት ናት፤ ይህች ድመት ዛሬም በአገራችን ዱር አለች። ብቻዋን የምታድን፣ ራሷም በትልልቆቹ የምትታደን ትንሽ አውሬ ናት። መድከሟን ያሳየች ዕለት ትበላለች። ሰውና ድመት አብረው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ቆጵሮስ ውስጥ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረ የድመት አጽም ተገኝቷል። ያ ሁሉ ዘመን ግን ሕመሟን የመደበቅ ጠባይዋን አላስጣላትም። ከደረቅ ምድር የወረሰችው ሌላም ነገር አለ፦ ውሃ እምብዛም አትጠጣም፣ ሽንቷም በጣም የወፈረ ነው። የሽንት ቧንቧ ችግር ድመትን የሚያጠቃት በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ወንድ ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው፣ የዘንቢሉን አፍ በነጠላ ሸፍነው መጡ።

«ልጄ፣ ሆዱ ደርቆበት ነው። ከትናንት ጀምሮ ያምጣል። ዘይት አጠጥቼው ነበር፤ አልሆነለትም» አሉኝ።

«እማማ፣ ሽንቱን የሸናው መቼ ነው?»

ትንሽ አሰቡና «እሱንስ ልብ አላልኩትም» አሉ።

ድመቱን ከዘንቢሉ አወጣሁት። ጠረጴዛው ላይ እንደቆመ ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ ቁጢጥ አለ፤ አማጠ፤ ምንም አልወጣም። ዞሮ ብልቱን ላሰ፣ እንደገና ቁጢጥ አለ። ድምፁ የተለመደው ሚያውታ አልነበረም፤ ከሆድ የሚወጣ ወፍራም ማቃሰት ነበር። ደረቱ ላይ ያስታወከው አረፋ ደርቋል። ሆዱን በሁለት ጣት ቀስ ብዬ ስነካው ብርቱካን የሚያህል ድርቅ ያለ ነገር አገኘሁ። የሽንት ፊኛው ነበር፤ ሞልቶ መውጫ አጥቷል።

የሴት ድመት የሽንት ቱቦ አጭርና ሰፋ ያለ ነው። የወንዱ ረጅም ሆኖ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ቀዳዳ ዝልግልግ ፈሳሽ፣ የሞቱ ሕዋሳትና በሽንት ውስጥ የተፈጠሩ ደቃቅ ጠጣሮች ተያይዘው ቢደርሱ ይወተፋል። ሽንት ካልወጣ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፤ ከደም መወገድ የነበረበት ፖታሲየም ይከማቻል። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምት ይዘገያል፣ ይዛባል፣ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ወንድ ድመት ሕክምና ካላገኘ በአንድ ቀን ውስጥ ክፉኛ ይታመማል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ሊሞት ይችላል። ሳምንት የሚያስታምሙት ሕመም አይደለም።

ከኋላ ለሚያየው ሰው ሽንት ያቃተው ድመትና ሆድ የደረቀበት ድመት አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ያምጣሉ። እኚህ እናት የተሳሳቱት ማንም ሰው በሚሳሳትበት ቦታ ነው። መለያው ያለው አሸዋው ላይ ነው። ድመት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትሸናለች፤ ያ ርጥብ አሸዋ ከሌለ፣ ወይም ጠብታ ጠብታ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ቀላ ካለ፣ ጉዳዩ የሽንት ነው። ዘይት ማጠጣቱ አይረዳም፤ በዚያ ላይ በግድ የተጋተ ዘይት ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ሆዱን ጨምቆ ለማሸናት መሞከር ደግሞ የባሰ ነው፤ የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል። ሐኪሙ የሚያደርገው እንስሳውን አደንዝዞ ቀጭን ቱቦ በማስገባት መዝጊያውን ማስለቀቅ፣ ከዚያ በደም ሥር ፈሳሽ እየሰጠ ለጥቂት ቀናት መከታተል ነው። የእማማ ድመት ድኗል። በዘንቢል የመጣው በሰዓቱ ስለነበር ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው አብዛኛው ጉዳይ ፋታ ይሰጣል፤ ግን ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ድመቶች ሽንት ሲቸግራቸው ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ጠጠርም፣ ባክቴሪያም፣ ዕጢም አይገኝም። ፊኛው ግን ቆስሏል፣ አንዳንዴም ይደማል። ምክንያቱ ተለይቶ ያልታወቀ የፊኛ ብግነት ይባላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሠሩት አንዱ በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ቶኒ በፊንግተን ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው 32 ድመቶችን ለ77 ሳምንታት ተከታተሉ፤ 20ዎቹ ይህ የፊኛ ሕመም ያለባቸው፣ 12ቱ ጤነኞች ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። የለመዱት ተንከባካቢ ሲለወጥ፣ የምግብ ሰዓት ሲዛባ፣ የቀኑ ሥርዓት ሲናጋ፣ ጤነኞቹም ምግብ ይተዉ፣ ያስታውኩ፣ ከአሸዋ ሳጥናቸው ውጭ ይሸኑና ይጸዳዱ ነበር። አንድም በሽታ ያልተገኘባቸው ድመቶች፣ ኑሯቸው ስለተነካ ብቻ፣ የታማሚ ጠባይ አሳዩ።

እስቲ ይህን ወደ እኛ ቤት አምጡት። ድመቷን ስታበላ የነበረችው የቤት ሠራተኛ ሄዳ አዲስ ሰው ትገባለች። ለሰርግ ድንኳን ይተከላል፣ ሠላሳ ሰው ግቢ ውስጥ ያድራል። የመስቀልና የአዲስ ዓመት ርችት ይተኮሳል። አራስ ልጅ ከሆስፒታል ይገባል። ቤት ይቀየራል። ለእኛ ደስታ የሆነው ሁሉ ለድመቷ የሥርዓት መፍረስ ነው። ጾሙንም አንርሳ። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋም ወተትም ከቤት ሲጠፋ ድመቷም በሽሮ ፍትፍት አብራ ትጾማለች፤ የፋሲካ ዕለት ደግሞ የበግ ስብና አንጀት በአንዴ ይወረወርላታል። በማግሥቱ ምንጣፉ ላይ ተቅማጥ ሲገኝ «ጥጋብ ነው» ይባላል። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራ ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ጾሙ የእናንተ ነው፤ ለእሷ ትንሽ ሥጋ ወይም ዓሣ ለብቻ መቀቀል ጾማችሁን አያፈርስም።

ስለ ፊኛው ብግነት አንድ ልጨምር፤ አንቲባዮቲክን ይመለከታል። ሕመሙ መዘጋት ካላስከተለ በአብዛኞቹ ድመቶች በሳምንት ገደማ ራሱ ይለቃል፤ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ በሌላ ጊዜ ይመለሳል። ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ይሰጣል፤ በሰባተኛው ቀን ድመቷ ትሻላለች፤ ምስጋናው ለእንክብሉ ይሆናል። በወጣት ድመቶች ላይ የባክቴሪያ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በጣም ጥቂት ነው። ተሽሏት ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ መድኃኒት ይደግማሉ፣ ይሠልሳሉ፤ ያመማት የተቀየረው የቤቱ ኑሮ እንደሆነ ሳይታወቅ ዓመት ያልፋል። እኔ በበኩሌ ከእንክብሉ በፊት የማዘው ውሃና የተረጋጋ ኑሮ ነው፦ ውሃውን ከምግቡ ራቅ አድርጎ በሁለት በሦስት ቦታ ማስቀመጥ፣ ምግቧን በመረቅ ማርጠብ፣ የምትሸሸግበት አንድ ከፍ ያለ ቦታ መስጠት፣ የምግብ ሰዓቷን አለማዛባት።

አሁን ስለ አሸዋ ሳጥኑ። ድመት ቤት ውስጥ ተዘግታ መኖር የጀመረችው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚሺጋን ውስጥ ኤድ ሎው የሚባል ሰው ለፋብሪካ ወለል ዘይት መምጠጫ ይሸጥ ነበር። አንዲት ጎረቤቱ ለድመቷ አመድ ስትጠቀም ቤቷ በጥቁር ዱካ ተዥጎርጉሮባት አሸዋ ልትለምነው መጣች፤ እሱ የደረቀ የሸክላ አፈር ቅንጣት ሰጣት። ከዚያ ቀን የድመት አሸዋ የሚባል ንግድ ተወለደ። እኛ አገር ድመት ጓሮ ነበራት፤ ችግኝ መደብ ነበራት፤ ማንም እንዴት እንደሸናች አይጠይቅም ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ያላት በረንዳ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሳፋ ብቻ ናት፤ በረንዳው ላይ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይንጓጓል።

ሳፋዋን ካልወደደችው ትነግራችኋለች። ጠርዙ ላይ ትቆማለች፣ እግሯን ታራግፋለች፣ ሳትቆፍር ሸንታ ትሮጣለች። ደቃቅ፣ ሽታ ያልተጨመረበት አሸዋ ትወዳለች፤ ሽቶ ያለው የሚሸጠው ለእኛ አፍንጫ ነው። ሳፋው ከአካሏ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ብዙዎቹ የሚገዙት ጠባብ ነው። በየቀኑ ይጠረግ። ድመቶች ሁለት ከሆኑ ሦስት ሳፋ፣ በተለያየ ቦታ፤ አንዷ ኃይለኛ መግቢያው ላይ ተኝታ ሌላዋን ልትከለክል ትችላለችና። አንድ ጊዜ አሸዋው ላይ ስትሸና ያመማት ድመት ደግሞ ሕመሙን ከአሸዋው ጋር ታያይዘዋለች፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር፣ የመታጠቢያ ገንዳ ወይም አልጋ፣ የሚመርጡት። ሕመሙ ከዳነ በኋላም ልማዱ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ አዲስ ሳፋ በአዲስ ቦታ መሞከር ነው። የተሸናበትን ቦታ በበረኪና አትጠቡት። በረኪና ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ኢንዛይም ያለው የልብስ ሳሙና በብዙ ውሃ ይበቃል።

ቆማ፣ ጅራቷን እያንቀጠቀጠች፣ ግድግዳ ላይ የምትረጭ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ክልል ማስታወቂያ ነው። ይበልጥ የሚያደርገው ያልተኮላሸ ወንድ ነው። ከተኮላሸ በኋላ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ይተዋሉ።

ስለ አረጋውያኑ ድመቶች ፈጠን ብዬ ልለፍ። ዕድሜዋ ከአሥር ያለፈ ድመት ብዙ ስትጠጣና ብዙ ስትሸና የኩላሊት በሽታ፣ የስኳር በሽታ ወይም የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛት ይጠረጠራል። ለአንድ ኪሎ ክብደቷ በቀን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች፣ ማለትም አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት ሁለት ብርጭቆ ከጨረሰች፣ በእርግጥ ታማለች። እየበላች የምትከሳ፣ ሌሊት የምትጮህ ከሆነ የእንቅርቱ ነገር ይበረታል። የደም ግፊቷ ሲወጣ ደግሞ በአንድ ሌሊት ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል፤ ግድግዳ ስትገጭ «ሰከረች» ብላችሁ አትሣቁ። ስለ መገጣጠሚያዋም አንድ ቁጥር ልንገራችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ድመቶች 90ዎቹ በራጅ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት ታይቶባቸዋል። አሮጊቷ ድመት ሳፋው አጠገብ የምትሸናው ጠርዙን መሻገር ስለሚያማት ሊሆን ይችላል። የሳፋውን አንድ ጎን በቢላ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ በዚያው ቀን ልዩነት ልታዩ ትችላላችሁ።

የአገራችንን ሁኔታ አይቼ ሳልናገር የማላልፈው አንድ የጠባይ ለውጥ አለ። ያልተከተበች፣ ውጭ የምትወጣ ድመት ድንገት ኃይለኛ ከሆነች፣ ሳይነኳት የምትናከስ፣ ለሃጯ የሚንጠባጠብ፣ ድምጿ የተለወጠ ከሆነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታው በስሙ ውሻ ይባል እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ድመት ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ኃይለኛው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለችውን ድመት በዘንቢል ይዤ እሄዳለሁ አትበሉ፤ በር ዝጉባትና ባለሙያ ጥሩ። የነከሰችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል።

የሰው መድኃኒትን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት አቅም የለውም። አንድ ባለ500 ሚሊ ግራም እንክብል አንዲትን ድመት ለመግደል ይበቃል። «ትንሽ ቆርሼ ነው የሰጠኋት» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ወደ ሐኪም ስትመጡ ደግሞ ድመቷን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ሳፋው ውስጥ ስታምጥ በስልካችሁ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ስትደርስ ፈርታ ደርቃ ትቀራለችና እኔ የማየው ያንን አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ የበላችበትን፣ የሸናችበትን፣ ቤት ውስጥ በዚያ ሳምንት የተቀየረውን ነገር ንገሩን፤ እንግዳ፣ ሠራተኛ፣ የአይጥ መርዝ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ ምንም ይሁን። ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ከተወች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሊበላሽ ስለሚችል «ሲርባት ትበላለች» ብላችሁ አትጠብቁ።

ወንድ ድመት ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ መብራት አብርታችሁ አሸዋውን እዩት፤ ማታ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክም አፈላልጋችሁ መዝግቡ። አምጦ ሽንት ካልወጣው እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ይዛችሁት ውጡ።